የበር ጠባቂ የነበሩት የዶኛ ኤዱቪሂስ ካራባሊ ዜና ሕይወት፣ ራሳቸው እንዳስጻፉት

የተከበራችሁ ለቀስተኞች፣ ከወንዙ ወዲህም ከወንዙ ማዶም የመጣችሁ፣ ወንበር ሳይጠፋ አጥሩን ተደግፋችሁ የቆማችሁም ጭምር፤ በፊታችን ያረፉት የዶኛ ኤዱቪሂስ ካራባሊ የሕይወት ታሪክ እነሆ ይነበባል። የማነበው እኔ የልጃቸው የካንዴላሪያ ባል ሴቬሪኖ ነኝ። ቃሉ የእርሳቸው ሲሆን ጽሕፈቱ የእኔ ነው፤ ፊደል ያልቆጠሩ ስለነበሩና እኔንም ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ሲጠረጥሩኝ ስለኖሩ፣ የጻፍኩትን እያንዳንዱን ገጽ እየወሰዱ ለልብስ ሰፊዋ ለዶኛ ኦብዱሊያ ያስነብቡ ነበር። እኔና ዶኛ ኦብዱሊያ እንደማንዋደድ መንደሩ ሁሉ ያውቃል። የማይዋደዱ ሁለት ሰዎች ከአንድ ወረቀት ላይ አንድ ዓይነት ነገር ካነበቡ ሐሰት የለበትም ብለው ያምኑ ነበርና፣ ዛሬ አንድ ቃል ብቀንስ ወይም ብጨምር እዚያ ጥግ የተቀመጡት ዶኛ ኦብዱሊያ ያጋልጡኛል።

ዶኛ ኤዱቪሂስ ከሳንቲያጎ ከተማ በስተምሥራቅ ካሉት ተራሮች ግርጌ፣ ላ መርሴድ አልታ በሚባለው የሸንኮራ እርሻ፣ ከአባታቸው ከቤኒግኖና በመርከብ ተጭነው ከመጡት ከእናታቸው ከማ ሎሬታ በባርነት ተወለዱ። የተወለዱበትን ቀን የሚያውቅ የለም፤ ማ ሎሬታ ግን የሸንኮራው መጭመቂያ ተሰብሮ ሦስት ቀን በቆመበት ሰሞን መሆኑን ይናገሩ ስለነበር፣ ዶኛ ኤዱቪሂስ መጭመቂያውን ያቆምኩት እኔ ነኝ እያሉ ሲጫወቱ ኖረዋል። ካራባሊ የእናታቸው ወገን ስም ነው። ነፃ በወጡ ጊዜ እንደ ብዙዎቻችን የጌታቸውን ስም እንዲይዙ ቢጠየቁ፣ «የሰውዬውን ስም ለሰውዬው መልሱለት፣ እኔ ምን ላደርግበት ነው?» ብለው የእናታቸውን ወገን ስም ይዘዋል።

ከእርሳቸው በሁለት ዓመት የሚያንሱ አንድ ወንድም ነበሯቸው። ስማቸው በቤታችን ለአምሳ ዓመት አልተጠራም፤ እኔም ቦታው ሲደርስ እጠራዋለሁ።

ትምህርትን በተመለከተ፣ ዶኛ ኤዱቪሂስ ትምህርት ቤት ደጃፍ አልደረሱም። በላ መርሴድ አልታ የተወለደ ልጅ ከስሙ አስቀድሞ የሚያውቀው የእርሻውን ደወል ነበር። ጎህ ሲቀድ ዘጠኝ ጊዜ ይመታል፣ ሰው ተነሥቶ ይሰለፋል፤ ለምሳ ሦስት፣ ለመግቢያ ደግሞ አምስት ነው። እያንዳንዱ እርሻ የራሱ አመታት ስለነበረው፣ ሸንኮራ ሲቆርጡ የኖሩ ሰዎች የጎረቤታቸውን ደወል ከራሳቸው ለይተው ያውቁ ነበር፤ ዶኛ ኤዱቪሂስም የአምስት እርሻ ደወል ሳይስቱ በጣታቸው ጠረጴዛ ላይ መምታት ይችሉ ነበር። በኋላ የእንጀራቸውም የኀዘናቸውም ምክንያት የሆነው ይኸው እውቀት ነው።

አሥራ ስምንት ዓመት ሲሆናቸው የመጀመሪያው የነፃነት ጦርነት ተነሣ። ከወንዙ በታች ያሉ አንድ የእርሻ ባለቤት ባሮቻቸውን ሰብስበው ነፃ ናችሁ፣ ከእኔ ጋር ሆናችሁ ስፔንን ውጉ ማለታቸው በተሰማ ጊዜ ሌላው ሰው ሁሉ ሲዘል ዶኛ ኤዱቪሂስ አልዘለሉም። «ጌታ በነፃ የሚሰጠው ነገር የለም፤ መጀመሪያ የሄዱት ምን እንደሚሆኑ ልይ» ብለው አሥራ አንድ ቀን ጠበቁ። የሄዱት ታስረው እንዳልተመለሱ፣ እንዳልተሸጡም ካረጋገጡ በኋላ በአሥራ ሁለተኛው ቀን አንድ ገጀራና አንድ ቁራጭ የካሳቫ ቂጣ ይዘው ብቻቸውን ወደ ተራራው ወጡ። ወንድማቸው በዚያ ቀን የመጭመቂያ ቤት ተራ ስለነበራቸው አብረው አልወጡም፤ እኅታቸውም ተመልሼ እወስድሃለሁ ብለው ነበር የተለዩአቸው።

በተራራው ላይ መጀመሪያ ጥይት ተሸካሚ፣ ቀጥሎም የዘንባባ ባርኔጣ ሰፊ ሆነው ካገለገሉ በኋላ፣ በሁለት ቋጥኞች መካከል ያለውንና ሁላችንም በቀላሉ በሩ የምንለውን የዐማፅያኑን የጦር ሰፈር መግቢያ እንዲጠብቁ ተሾሙ። በዚያን ጊዜ ከየእርሻው አምልጬ መጣሁ የሚለው ሰው ብዙ ነበር፤ ከእነዚህም መካከል ስፔኖች መንገድ እንዲያጠና የሚልኩት ይገኝ ነበር። ታዲያ ዶኛ ኤዱቪሂስ የመጣውን ሰው ከየት ነህ ብለው ይጠይቁትና ገጀራውን አስገልብጠው በአንድ ደረቅ ግንድ ላይ የእርሻውን የጎህ ደወል እንዲመታ ያዝዙት ነበር። ሰላይ የጌታን ስም፣ የአለቃን ስም፣ የወንዝን ስም ተምሮ ይመጣል፤ ስንት ጊዜ እየተመታ ሰው እንደሚነሣ ግን የሚያስተምረው የለም። በሁለት ዓመት ውስጥ ከሁለት መቶ በላይ ሰው በዚህ መንገድ ፈትነው ያስገቡ ሲሆን፣ ስድስት ሰዎች በግንዱ ፈተና ወድቀዋል። የእነዚያን ስድስት ሰዎች መጨረሻ እዚህ አላነብም፤ እርሳቸውም እንድጽፍ አልፈቀዱም።

ትዳራቸውም የተገኘው ከዚሁ በር ነው። ዶን ፋኩንዶ የሚባሉ የበሬ ጋሪ ነጂ በመጡ ጊዜ የእርሻቸውን ደወል በትክክል መቱ። ዶኛ ኤዱቪሂስ ግን በጣም በትክክል መታው ብለው ስለጠረጠሩ በማግስቱም፣ በሦስተኛውም ቀን እንደገና አስመቷቸው። ዶን ፋኩንዶ በሦስተኛው ቀን፣ «እመቤቴ፣ በየቀኑ ከምትጠሪኝ አንድ ጊዜ አግቢኝና ጉዳዩ ይለቅ» ማለታቸው ይነገራል። በሰፈሩ ሽማግሌዎች ፊት ተጋቡ፤ ዶኛ ኤዱቪሂስም ነፍሰ ጡር ሆኑ።

አሁን ቦታው ደረሰ። በጦርነቱ በሦስተኛው ዓመት በዝናቡ ወራት አንድ ማለዳ ወንድማቸው ዶን ቶሪቢዮ ካራባሊ ወደ በሩ መጡ። እኅትና ወንድም ተቃቀፉ፤ ዶኛ ኤዱቪሂስም ስለ እናታቸው ጠይቀው ማ ሎሬታ ማረፋቸውን ሰምተው አለቀሱ። ደንቡ ግን ለሁሉ ደንብ ነው ብለው ገጀራውን ለወንድማቸው ሰጡ። ዶን ቶሪቢዮ እየሳቁ ግንዱን መቱ፤ የመቱትም ሰባት ጊዜ ነበር።

ዶኛ ኤዱቪሂስ እንደገና ምታ አሉ። እንደገና ሰባት ሆነ። አብረው ተኝተው አብረው የነቁበት ደወል ዘጠኝ መሆኑን ወንድማቸው ሊስት የሚችለው፣ ላ መርሴድ አልታን ከለቀቀ ቆይቶ በስፔኖች ምሽግ ሲበላ ከከረመ ብቻ ነው ብለው አሰቡ። ለአዛዡ አሳልፈው ለመስጠት አንጀታቸው አልቻለም፤ ለማስገባትም ልባቸው አላመነም። «በመጣህበት ተመለስ፣ እኔም አላየሁህም» ብለው ሰደዷቸው። ዶን ቶሪቢዮም፣ «እቴ ምን አጠፋሁ? የምሰማውን ነው የመታሁት» እያሉ ቁልቁለቱን ወረዱ።

በአራተኛው ቀን የስፔን ጦር መንገዱን እንደሚያውቅ ሰው በኋላ በር ገብቶ ሰፈሩን አቃጠለ። አሥራ አራት ሰው ሞተ፤ ከእነርሱም አንዱ ዶን ፋኩንዶ ነበሩ። ባለቤቴ ካንዴላሪያ የተወለደችው አባቷ ከሞቱ ከአራት ወር በኋላ በዋሻ ውስጥ ነው። ዶኛ ኤዱቪሂስ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጦሩን ማን እንደመራ ማንንም አልጠየቁም፤ እንደሚያውቁት እርግጠኛ ነበሩና።

ጦርነቱ አሥር ዓመት ፈጅቶ ያለ ነፃነት በእርቅ ሲያበቃ በውሉ ውስጥ አንድ እንግዳ አንቀጽ ነበረበት። ከዐማፅያን ጋር ሆኖ ስፔንን የወጋ ባሪያ ነፃ ይወጣል፤ ለጌታው ታማኝ ሆኖ በእርሻው የቀረ ግን ባሪያ እንደሆነ ይቀጥላል ይላል። ይህ በተነገረ በሳምንቱ ስፔንን የወጋው ሰው ቁጥር እንዴት እንደበዛ እናንተው ገምቱ። ከየእርሻው የወጣ ሰው በስፔኖች ምሽግ ግቢ ተሰለፈ፤ የሚመዘግበው የስፔን ሻምበልም ሞኝ አልነበረምና የበሩን ጠባቂ አስፈልጎ አስመጣ፤ ከጠረጴዛው አጠገብ አቁሞም በመስቀል እያስማለ እያንዳንዱን ሰው ታውቂዋለሽ ወይ እያለ ይጠይቃቸው ጀመር።

የተከበራችሁ ለቀስተኞች፣ ከዚህ በታች ያለውን ሳነብ የምትቀየሙ ትኖራላችሁ። የምትቀየሙ ከቀብሩ በኋላ ወደ እኔ ኑ፣ አሁን ግን አድምጡ። በዚያን ቀን ዶኛ ኤዱቪሂስ ስለ አርባ ሦስት ሰዎች አውቀዋለሁ፣ አውቃታለሁ ብለው መሰከሩ። ከእነዚህ ውስጥ በተራራው ላይ የነበሩት አሥራ አንዱ ብቻ ናቸው። ሠላሳ ሁለቱን እርሳቸው ያዩአቸው በዚያን ዕለት ነው። ሰው ማጣራት ሥራቸው የነበረው፣ በዓለም ላይ ማንንም የማያምኑት ሴት፣ ሠላሳ ሁለት ጊዜ በመስቀሉ ላይ እጃቸውን ጭነው ዋሹ።

ውሸት እንዴት እንደሚታወቅ ከማንም በላይ ያውቁ ስለነበር ማንንም አላመሰገኑም። ጀግና ነው ብል ሻምበሉ ይጠረጥራል፤ ነውሩን ብነግረው ግን ያምነኛል ብለው ለእያንዳንዱ ሰው አንዳንድ ነውር ፈጠሩለት። «ይሄን አውቀዋለሁ፣ ጥበቃ ላይ እያንቀላፋ ሊያስፈጀን ነበር» አሉ። «ይቺን አውቃታለሁ፣ ምስጢር አትቋጥርም» አሉ። «ይሄማ ወጥ ቤታችን ነበር፣ አንድ ቀን እንኳ ሳያሳርር ባቄላ አላበላንም» አሉ። ሻምበሉ እየሳቀ ነፃነታቸውን ጻፈ፤ የነውሩም ቅጽል ስም በየሰዉ ላይ ተለጥፎ ቀረ። እንቅልፎ እያላችሁ የቀበራችኋቸው ዶን ሂላሪዮ ጥበቃ ላይ ተኝተው አያውቁም፤ ጥበቃም ቆመው አያውቁም። ያረረው ሲባሉ የኖሩት ዶን ፓንታሌዮን የእኔ አባት ናቸው። አባቴ በሕይወታቸው ባቄላ ጥደው አያውቁም። እኔም የያረረው ልጅ እየተባልኩ ትምህርት ቤት ስደበደብ ማደጌን ለዶኛ ኤዱቪሂስ ብነግራቸው፣ «ባሪያ ሆነህ ከምታድግ ይሻልሃል» ነው ያሉኝ።

ከሰልፉ መጨረሻ ላይ የቆሙት ዶን ቶሪቢዮ ነበሩ። ሻምበሉ ታውቂዋለሽ ወይ ብሎ ከመጠየቁ በፊት ራሳቸው ቀድመው «እኅቴ ናት» አሉ። ዶኛ ኤዱቪሂስ ስለ ማያውቋቸው ሠላሳ ሁለት ሰዎች የማሉበትን እጃቸውን ከመስቀሉ ላይ አንሥተው፣ «ይህን ሰው አላውቀውም» አሉ። ዶን ቶሪቢዮ ባርኔጣቸውን አጠለቁ፤ የእርሻው አለቃም እጃቸውን በገመድ አስሮ ወሰዳቸው። ባርነት ለሁሉም እስኪቀር ድረስ ስምንት ዓመት በላ መርሴድ አልታ ሸንኮራ ቆረጡ።

ዶኛ ኤዱቪሂስ ከአርባ ሦስቱ ጋር ወደዚህ ሸለቆ መጥተው መንደራችንን መሠረቱ። አሳማ አረቡ፣ ትምባሆ ተከሉ፣ ካንዴላሪያን ብቻቸውን አሳደጉ። የመጨረሻው የነፃነት ጦርነት በተነሣ ጊዜ አርባ አምስት ዓመታቸው ነበር፤ ያኔ ከመሰከሩላቸው ሰዎች ጉልበት የነበራቸው ሁሉ ወታደር ነበራችሁ መባላቸውን ሐሰት ላለማድረግ ይመስል ዘመቱ፤ ዶን ሂላሪዮ ልጃቸውን፣ እኔም አባቴን የቀበርነው በዚያ ጦርነት ነው። ዶኛ ኤዱቪሂስም ዘመቱ፤ አዛዡ በር እንዲጠብቁ ቢለምኗቸው ግን እምቢ ብለው ቁስለኛ ሲያጥቡ ከረሙ። ለምን እምቢ እንዳሉ በዚህም ጽሑፍ ውስጥ አላስጻፉም።

ከድሉ በኋላ የነበረውን ጠባያቸውን እኔ ከምነግራችሁ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ። ቄሱ የሚያጠምቁበትን ውኃ ሳይቀር ቀምሰው ያዩ ነበር። እኔ ካንዴላሪያን ልጠይቅ በመጣሁ ጊዜ፣ «ይሄ ልጅ ብዙ ያነባል፤ ብዙ የሚያነብ ሰው የሚደብቀው ነገር አለው» ብለው ለሁለት ዓመት አንከራተቱኝ። ዛሬ የከተማው ጽሕፈት ቤት የላከውን የአበባ ጉንጉን ቢያዩ ገልብጠው ይመረምሩት ነበር። እርሳቸውን ደስ ይበላቸው ብዬ እኔ ገልብጬ አይቼዋለሁ፤ ከሽቦ በቀር ምንም የለውም።

የዛሬ ሁለት ዓመት በልጅ ልጃቸው ሠርግ ላይ፣ አሳማው እየተቆረሰ ሳለ፣ ከላ መርሴድ አልታ የመጡ ዶኛ ፕራክሴዴስ የሚባሉ ጥርስ የሌላቸው አሮጊት ከአጠገባቸው ተቀምጠው ስለ ድሮው ሲጫወቱ፣ «ያቺ ደወልማ ተሰነጠቀች እኮ፤ ጦርነቱ በገባ በሁለተኛው ዓመት። ከዚያ ወዲህ የተሰቀለልን የማረሻ ብረት ነው» አሉ። ዶኛ ኤዱቪሂስ የያዙትን ሥጋ ሳይጎርሱ፣ ጠዋት ስንት ጊዜ ይመታ ነበር ብለው ጠየቁ። አሮጊቷም፣ «ሰባት ነዋ። ያ አዲሱ አለቃ ሰነፍ ነበር፣ ከሰባት በላይ ክንዱ አይነሣለትም» ብለው ሳቁ። ዶኛ ኤዱቪሂስ ሳህናቸውን መሬት ላይ አስቀምጠው ያለ ባርኔጣ በዚያ ፀሐይ ቤታቸው ድረስ በእግራቸው ሄዱ።

በሦስተኛው ቀን እኔን ከወንዙ ማዶ ወደሚኖሩት ወደ ወንድማቸው ላኩኝ። ዶን ቶሪቢዮን በጓሯቸው ባርኔጣ ሲሰፉ አገኘኋቸው፤ እኅትዎ ይፈልጉዎታል የሚለውን መልእክቴን ሰምተው ሲያበቁ ቀና ሳይሉ፣ «ደሞ አሁን የትኛውን ደወል እንድመታ ፈለገች?» አሉኝ። ይህንን ይዤ ስመለስ ዶኛ ኤዱቪሂስ የእኔን አነጋገር ስለጠረጠሩ፣ በእርግጥ እንዲህ ብሎኛል ወይ ብለው ለማረጋገጥ ዶኛ ኦብዱሊያን ላኩ። እርሳቸውም ያንኑ ይዘው ተመለሱ። በመጨረሻ በበቅሎ ተጭነው ራሳቸው ሄዱ። ወንድማቸው ወንበር ሰጧቸው፤ እስከ እኩለ ቀን ፊት ለፊት ተቀምጠው ዶኛ ኤዱቪሂስ ሰባት ነበር አሉ፣ ዶን ቶሪቢዮም አዎ ሰባት ነበር አሉ። ይቅርታም ጠየቋቸው። ዶን ቶሪቢዮ ግን፣ «አንቺ አላውቀውም ያልሽው አገር በተሰበሰበበት ነው። እዚህ ጓሮዬ ውስጥ፣ ዶሮ ብቻ በሚሰማበት ብታውቂኝ ምን ያደርግልኛል?» ብለው ባርኔጣቸውን መስፋት ቀጠሉ።

ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ለቀብር የተጻፈ አይደለም። ዶኛ ኤዱቪሂስ በመንደራችን ቅዱስ በዓል ቀን፣ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ፣ ሰው ሁሉ ባለበት በእግራቸው ቆመው ሊያስነብቡት ስምንት ወር ሙሉ ያስጻፉት ነው። በዓሉ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ግማሽ አካላቸውና ምላሳቸው ተያዘ። ተኝተው ሳሉ በደኅናው እጃቸው የአልጋውን እንጨት ሲመቱ ካንዴላሪያ ውኃ የጠየቁ መስሏት ታጠጣቸው ነበር። እኔ ግን ቆጠርኩት፤ ሰባት ጊዜ ነበር። ወደ ማዶ ተሻግሬ ለዶን ቶሪቢዮ ነገርኳቸው፤ ላስብበት አሉኝ። ዶኛ ኤዱቪሂስ ከትናንት በስቲያ ማክሰኞ ረፋዱ ላይ፣ በሰማንያ ዓመታቸው፣ እጃቸው እንጨቱ ላይ እንዳለ ዐረፉ።

በዚያ ሰፈር የስፔንን ጦር የመራው ማን እንደነበር እስከ ዛሬ አልታወቀም። እኔ የምጠረጥረው ሰው አለ፤ ነገር ግን በጥርጣሬ መፍረድ ምን እንደሚያስከፍል በሣጥኑ ውስጥ ያሉት አሳይተውናልና አፌን እይዛለሁ።

ዶኛ ኤዱቪሂስ አንዲት ልጅ፣ አምስት የልጅ ልጆች፣ አሥራ አንድ የልጅ ልጅ ልጆች፣ እንዲሁም በአንድ ቀን መሐላቸው የቆመችውን ይህችን መንደር ትተው ሄደዋል። ከዚህም በላይ አጥሩን ተደግፈው የቆሙትን፣ ምናልባትም በእርግጥ መሞቷን ላረጋግጥ ብለው የመጡትን አንድ ወንድማቸውን ትተዋል። ስለ ወንድማቸው ያስጻፉት የመጨረሻው መስመር እንዲህ ይላል፤ ዶኛ ኦብዱሊያም አንብበውታል። «ይህን ሰው አውቀዋለሁ። ቶሪቢዮ ካራባሊ ይባላል፤ የእናቴ ልጅ ነው። ነውር አልፈጠርኩለትም፣ ነውር የለበትምና።»

ዶን ቶሪቢዮ፣ ሣጥኑን የሚያነሡ አምስት ሰዎች ናቸው። ስድስተኛው እጀታ፣ በቀኝ በኩል የፊተኛው፣ ክፍት ነው።

ሁለት መቶ ሰው በር ላይ አቁመው ደወል ያስመቱትን እኅታችንን እግዚአብሔር በራሱ በር ላይ አያቁማቸው፤ ከየት መጣሽ፣ ስንት ጊዜ ይመታ ነበር ብሎ ሳይጠይቅ፣ አውቃታለሁ ብሎ ያስገባቸው። አሜን።